ጫካ ዳር የኖረ መንደርና በደብተራችን ስሙ የተቀየረው ገቢ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



በዛሬው መርሐ ግብር ለሒሳብ ክፍሉ የተሰጠው ሰዓት የዓመቱን ሒሳብ ለማንበቢያ ነበር። ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ታይቷል፤ ተባዝቶም በእጃችሁ ገብቷል። ስለዚህ ቁጥር በማንበብ አናደክማችሁም። ይልቁንም ገጽ 4ን ግለጡልን። “ብድር በሥራ ዓይነት” በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መስመር “ልዩ ልዩ ንግድ” ይላል። ከእርሱ ቀጥሎ “የሽንኩርትና ድንች ንግድ” አለ። የጊንጪን ገበያ የምታውቁ እናቶች ስትስቁ እናያለን። እዚያ የተጻፈው ሽንኩርት ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ በገበያ ቀን መተላለፊያ አይገኝም ነበር።

ገንዘቡ ልክ ነው፤ አንድ ብር አልጎደለም። ውሸቱ ስሙ ነው። ስሙን የጻፍነው ደግሞ እኛው፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ነን። እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማስረዳት ከማኅበራችን ዕድሜ ራቅ ብሎ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ታገሡን።

ባለፈው ዓመት አንዲት እንግዳችን በባሕር ዳርቻ ያደገችበትን መንደር አጫውታን ነበር። በዚያ መንደር ጀልባው በባል ስም፣ መረቡ በባል ስም፣ ዓሣው በባል ስም ይመዘገባል፤ ዓሣውን ጠርጋ፣ ጨው ነስንሳ፣ ተሸክማ ገበያ የምታወጣው ሚስት ግን በየትኛውም መዝገብ የለችም። እኛ ባሕር የለንም። ከዚህ ደጋ የሚነሣው አዋሽ እንኳ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ነገር ግን ያቺ እንግዳ ስታወራ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት በኦሮምኛ “ይቺ የምታወራው ስለ ጭልሞ ነው” አሉን። እውነታቸውን ነው። እነዚያ ባሕር ዳር ናቸው፣ እኛ ጫካ ዳር ነን።

ለእንግዶቻችን ያህል፣ ጭልሞ ከጊንጪ ከተማ ወደ ሰሜን ያለ፣ በደንዲ ወረዳ የሚገኝ የደጋ ደን ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት የሚባሉት የአገር በቀል ዛፎች ያሉበት፣ ጉሬዛ የሚዘልበት፣ አዋሽን ከሚመግቡት ምንጮች ብዙዎቹ የሚፈልቁበት ነው። ከታች ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ከላይ ገብስና ድንች አለ። በዚህ መካከል ያለው መንደር አንድ እግሩ እርሻ፣ አንድ እግሩ ጫካ ውስጥ ሆኖ ኖሯል። እርሻው ሲከዳ ጫካው ያጎርሳል። ታሪካችን በሙሉ “ጫካው የማን ነው?” በሚለው ጥያቄ ላይ ያለቀ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ከአዲስ አበባ እንጀምር፤ ምክንያቱም እንጨታችንን የሚበላው ሁልጊዜ እርሷ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ሲቆረቁሩ በዙሪያው የነበረው ደን ብዙም ሳይቆይ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። በዚህ ምክንያት ንጉሡ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ አቅጣጫ አዲስ ዓለም ላይ ለማዛወር በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ አስጀምረው እንደነበር ይታወቃል። አዲስ ዓለም ከጊንጪ ብዙም አትርቅም። ያ ዕቅድ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ ጭልሞ የሚባል ጫካ ይኖር ይሆን ብለን እንጠይቃለን። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙም ይነግረናል። ባሕር ለእኛ የሰጠን አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ዛፍ ነው፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

በንጉሡ ዘመን ጫካው በመሳፍንትና በመኳንንት እጅ ነበር። ጢሰኛው መሬቱን አርሶ እኩሉን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ስለ ጫካው የሚያስታውሱ አሮጊቶቻችን የሚሉት የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ከመጋዝ ቤቱ የሚወጣውን ጣውላና የሚጭነውን መኪና ያነሣሉ። የሁሉም የጋራ ትዝታ ግን አንድ ነው። ደረቅ እንጨት ለመልቀም የሚሄዱት ሴቶች ለጫካ ጠባቂው ዕንቁላል ይይዙ ነበር፤ ለበዓል ሲሆን ዶሮ። አንዲት እናት “ሞዴል 64 የሌለው ግብር” ብለው ሲጠሩት ሰምተን ከልባችን ሳቅን፤ የእርሳቸው ልጅ ገቢዎች ውስጥ ይሠራ ስለነበር ደረሰኙን ያውቁታል። ያ ዕንቁላል በባለመሬቱ መዝገብ የለም፤ በመንግሥት መዝገብም የለም። እኛ በሒሳብ ትምህርት “ያልተመዘገበ እንዳልተደረገ ይቆጠራል” ተብለን ነው የተማርነው። እንግዲህ የእናቶቻችን ግብር እንዳልተከፈለ ተቆጥሯል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚህ አገር ላይ ከዚያ ቀን የበለጠ ቀን ለጢሰኛ አልመጣም፤ ይህን ማሳነስ አንፈልግም። ሰው ያረሰውን ማስገባት ጀመረ። ሆኖም ሁለት ነገር ሳይለወጥ ቀረ። መሬቱ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ሲከፋፈል የተመዘገበው አባወራው ነው፤ ሴት የምትመዘገበው ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች እንደሆነ ነው። ጫካው ደግሞ ከመኳንንት ወደ መንግሥት ዞረ እንጂ ወደ መንደሩ አልመጣም። ጠባቂው ዩኒፎርም ለበሰ፤ ዕንቁላሉ ቀረ፣ ቅጣት መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደር ምሥረታ ሲታወጅ ሰው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ተመደበበት ሰፈር ተጓዘ። ፈርሶ የሚሠራ ቤት ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ ይፈልጋል። ከየት እንደመጣ ለመገመት ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

1983 ዓ.ም. ሁላችሁም የምታውቁት ነው። መንግሥት ሲለወጥ በመካከሉ ጠባቂ የሌለው ወራት ነበር፤ በአገሪቱ በየቦታው የመንግሥት ይባል የነበረ ደን ተቆርጧል። ጭልሞም አልቀረለትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በስብሰባ ሁሉ “ሕዝቡ ደኑን ጨፈጨፈ” ይባላል። ሕዝቡ አንድ አይደለም። መጥረቢያና መጋዝ ይዞ ዝግባ የጣለው፣ ጣውላውን በመኪና ያስጫነው ሌላ ነው፤ በገመድ የታሰረ ጭራሮ በጀርባዋ የተሸከመችው ሌላ ናት። በወሬ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሲያዙም የምትያዘው በቀስታ የምትሄደው ናት።

ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት መጣና ጭልሞ በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጫካው ዳር የሚኖረው ሕዝብ ራሱ ይጠብቀው፣ ከሚጠብቀውም ይጠቀም። የመንደሩ ሰዎች በየጎጣቸው ተደራጁ፤ ኋላም የደን ተጠቃሚ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሆኑ። ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. የደን አዋጁን (ቁጥር 72) ሲያወጣ፣ ፌዴራሉም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ሲቀበል፣ እዚህ በተግባር የታየው ነገር ሕግ አገኘ ማለት እንችላለን። ጥበቃ በተራ፣ ደረቅ እንጨት በቀን፣ ማር በቀፎ፣ ከተተከለው ዛፍ ሽያጭ ትርፍ ክፍፍል። ጫካው ለመጀመሪያ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች የሚፈርሙበት ደብተር አገኘ። ሥራውን ያየ ሰው ያመሰግናል፤ እኛም እናመሰግናለን። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የጭልሞ ደን ነበር። ልጆቹ ጫካውን “የእኛ” ማለታቸው ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

ነገር ግን ደብተሩን ስንገልጠው ያው አባወራው አለ። አንድ ቤት፣ አንድ አባል፣ አንድ ፊርማ። ትርፍ ሲከፋፈል ባል ይፈርማል። ደረቅ እንጨት የሚለቀምበት ቀን ሲወሰን ስብሰባው ላይ ያለው ባል ነው፤ የምትለቅመው ሚስት። ለቤቷ ማገዶ የምትለቅም ሴት በተፈቀደው ቀን ትገባለች። ጊንጪ ወርዳ ሸጣ ጨውና በርበሬ የምትገዛዋ ግን ሕግ ጠባቂው ጎረቤቷ ሲሆን ይበልጥ ጨነቃት። ድሮ የማታውቀው ዘበኛ ይይዛት ነበር፤ አሁን የሚይዛት የክርስትና ልጇ አባት ነው። ጫካው እየዳነ የእርሷ መንገድ እየጠበበ ሄደ። ደኑ መዳኑ ስሕተት ነው አንልም። የዳነበት ዋጋ ግን አንድ ወገን ላይ የበዛ ነው፤ ያም ወገን እኛ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ራሳችን ደብተር እንመለስ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት አባላችን የብድር ማመልከቻ አስገባች። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ልጇ ጻፈላት። “የሥራ ዓይነት” በሚለው ቦታ ላይ “እንጨት” ብላ አስጻፈች። ዋስ ነበራት፤ ቁጠባዋ አንድም ሳምንት አላቋረጠም። የብድር ኮሚቴው ከለከላት። ኮሚቴው ውስጥ እኛም ነበርን። ምክንያታችን የዚያ ዓመት የድጋፍ ስምምነት “አካባቢን ለሚጎዳ ሥራ ብድር አይሰጥም” የሚል ስለነበረ ነው። ደብዳቤውን የጻፍነው በጥሩ አማርኛ ነበር፤ ማኅተምም አለው። እርሷ ቁጠባዋን አውጥታ ሄደች። በሚቀጥለው ዙር ከዚያው ጎጥ የመጡት ማመልከቻዎች ሁሉ “ሽንኩርት” አሉ። ሁሉንም አጸደቅን።

ይህን ዓመት ማኅደሮችን ስናደራጅ ያንን ማመልከቻ እንደገና አነበብነው። በሁለተኛው ገጽ፣ “ብድሩ የሚውልበት” በሚለው ሥር የልጁ ጽሑፍ አለ። ቁሙን ያለ ባሕር ዛፍ ከገበሬ ገዝታ፣ አስፈልጣ፣ በአህያ ጋሪ ከተማ ልትሸጥ እንደምትፈልግ ይናገራል። ከጫካው ልትወጣ ነበር የፈለገችው። እኛ “እንጨት” የሚለውን ቃል አይተን ሁለተኛውን ገጽ ሳንገልጥ ዘጋንባት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን መቀመጥ ስላልቻልን ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሌላ አባላችን ፈቅዳልን የአንድ ሳምንት ሒሳቧን ከእርሷ ጋር ጻፍን። የአንድ ሴት የአንድ ሳምንት ነው፤ ጥናት አይደለም። አራት ቀን ወጣች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች፤ ሸክሙን ይዛ ከተማ የምትደርሰው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሸጣ የምትጨርሰው 7 ሰዓት ገደማ። አንደኛውን ሸክም 140፣ ሁለተኛውን 150፣ ሦስተኛውን 120 ብር ሸጠች። አራተኛው ከነገመዱ ተወሰደባት። ለአዲስ ገመድ 60፣ ለመንገድ ሻይና ዳቦ 80 ብር ወጣ። የቀራት 270 ብር ነው። በ36 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ እርሷ ከጠጣችው ሻይ ያነሰ ነው። የጀርባዋንና የጉልበቷን እርጅና ቅናሽ በምን ሒሳብ እንደምናሰላው አላወቅንም፤ ለመኪና ቢሆን መቶኛው ተሰጥቶናል።

ከዚያ 270 ብር ውስጥ 50ውን ሰኞ ዕለት እኛ ዘንድ አስገባች። ደብተሯ ላይ “የሽንኩርት ንግድ” ይላል።

አንዳንዶቻችሁ “ለምን እንጨቱን ትተው ሌላ ሥራ አይሠሩም?” ትሉ ይሆናል። በአዲስ አበባ እንጦጦ ሥር የቀድሞ የሴቶች ማገዶ ተሸካሚዎች ተደራጅተው ሽመና ጀምረዋል፤ ሻርፕና ነጠላቸውን እንግዳ ይገዛል። ጥሩ ነው። ጊንጪ ግን የሚያልፍ እንጂ የሚያድር እንግዳ ያላት ከተማ አይደለችም። እኛ ያለን ገዢ ማገዶ ፈላጊ ነው። የጠላ ቤቱ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ፣ የሠርግ ድግሱ ሁሉ እንጨት ይነዳል። መብራት ያለበት ቤት እንኳ መብራቱ ሲጠፋ ወደ ጉልቻው ይመለሳል። ቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ውኃ መብራት ሲያመነጭ ኖሯል፤ የውኃው መነሻ ላይ ያሉት ሴቶች ግን አሁንም በጭራሮ ያበስላሉ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ ማኅበራችን ያከፋፈላቸውም እየሠሩ ነው። ግማሹ ቀረ ማለት ግን ግማሹ አሁንም ይፈለጋል ማለት ነው። እንጨቱ በጠፋበት ደግሞ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበቱ ማሳው ላይ መውደቅ የነበረበት ነው፤ ቀጥሎ ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን ሌላው ይከፈታል።

ስለዚህ ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ። በዚህ ወረዳ ገበሬው ከሚሸጠው ሁሉ ፈጥኖ ጥሬ ገንዘብ የሚሆንለት እርሱ ነው። አጣናው በመኪና ተጭኖ ለአዲስ አበባ ሕንፃ መወጣጫ ይሄዳል። አፈር ያደርቃል፣ ሰብል ያሳጣል የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ምንጭ አጠገብ የሚተክለውን እኛም እንቃወማለን። ግን ተተክሏል፤ በግል ይዞታ ላይ ነው፤ መሸጡ ሕጋዊ ነው። አጣናው ሲሸጥ ባል ይፈርማል፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለሚስት ይቀራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ሚስት በይዞታ ደብተሩ ላይ ከባሏ ጋር እንድትሰፍር አድርጓል፤ ያ ስም እስካሁን ዛፍ ሲሸጥ ገንዘብ ሲያስቆጥር ብዙ አላየንም። አባሎቻችን ሦስትና አራት ሆነው ቁም ባሕር ዛፍ ገዝተው፣ አጣናውን ለነጋዴ፣ ተረፈውን ፈልጠው ለማገዶ ቢሸጡ፣ የሚያውቁትን ሥራ ሳይለቁ ከጫካው ይወጣሉ። ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ከሦስት ዓመት በፊት በልጅ እጅ ጽሑፍ ቀርቦልን ነበር።

ለጉባኤው ያቀረብነው የውሳኔ ሐሳብ ከምሳ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። በብድር መመሪያው ላይ “ማገዶ” የሚል የሥራ ዓይነት በስሙ ይግባ፤ ቁም ባሕር ዛፍ ለሚገዙ ቡድኖች ብድር ይፈቀድ፤ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራቱም ሚስቶችን በራሳቸው ስም እንዲመዘግቡ ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ነው። ዝግባና ጥድ ለሚቆርጥ ብድር እንስጥ አላልንም፤ ማንም እንዲህ ተብሏል ብሎ እንዳይወጣ። አጋሮቻችን ደግሞ በሚመጣው ዓመት ሪፖርት ላይ “ማገዶ” የሚል ትልቅ መስመር ስታዩ አትደንግጡ። መስመሩ አዲስ አይደለም፤ በፊትም ገንዘባችሁ እዚያው ነበር። እንዲሰረዝ ከጠየቃችሁን ግን ሽንኩርቱ ይመለሳል።

ያቺ እናት ዘንድ ሁለት ጊዜ ሰው ልከናል። በመጀመሪያው ቤት አልተገኘችም። በሁለተኛው “እመጣለሁ” ብላለች፤ ዛሬ ግን አዳራሹ ውስጥ አላየናትም።

አዲሱ ቅጽ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መጻፍ የማትችሉ ወደ እኛ ኑ፤ የምትሠሩትን ንገሩን፣ እንዳላችሁት እንጽፈዋለን። በአማርኛም በኦሮምኛም እንጽፋለን።